ፍሎራይድ ለታካሚ አሰጣጥ፦ ከቅቡ በፊት፣ ቅቡ ላይ፣ ከቅቡ በኋላ

ቫርኒሽ፣ ማለትም ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀውን ፍሎራይድ የያዘ ተጣባቂ ቅብ፣ መቀባት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እጅ ከለመደ ሕፃኑ ለማልቀስ ሳይወስን ያልቃል። የሚበላሸው ከቅቡ በፊትና በኋላ ያለው ነው፦ ለማን ይሰጣል፣ ምን ያህል፣ በስንት ጊዜ ይደገማል፣ ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላስ ምን ያደርጋል? በሥራ ላይ ያየሁት ስሕተት ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ከአንዱ የመጣ ነው። ስለዚህ እዚህ ለብሩሹ ትንሽ፣ ለልኩና ለንግግሩ ሰፊ ቦታ ሰጥቻለሁ። የጻፍኩት የጥርስ ሕክምና ለሚማሩና ሥራ ለጀመሩ ነው፤ ልጁን ይዞ የሚመጣ ወላጅም ቢያነበው አይከብደውም።

አሠራሩን ሳያውቁ ልኩን ማወቅ አይቻልም

የጥርስ ውጫዊ ልባስ፣ ኢናሜል፣ በአብዛኛው ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ማዕድን ነው። በጥርስ ላይ በሚጋገረው ፕላክ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመርታሉ። በደቂቃዎች ውስጥ የጥርሱ ገጽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ይወርዳል፤ ከ5.5 ገደማ በታች ሲሆን ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን ለማርገብ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ የሟሟውን ማዕድን መመለስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥርስ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሲያጣና ሲያገኝ ይውላል። የሚቦረቦረው ያጣው ካገኘው ሲበልጥ ነው።

ፍሎራይድ እዚህ ሒሳብ ውስጥ በሁለት በኩል ይገባል። የማዕድኑን መመለስ ያፋጥናል፤ አብሮም ገብቶ ፍሎራፓታይት የሚባል ጠንከር ያለ ዓይነት ይሠራል፤ ይህኛው ፒኤቹ እስከ 4.5 ገደማ ቢወርድም ይቋቋማል። እንደ ቫርኒሽ ያለ ከፍተኛ መጠን ሲቀባ ደግሞ በጥርሱ ገጽ ላይ ካልሲየም ፍሎራይድ መሰል ደቃቅ ቅንጣቶች ይቀራሉ። አሲድ ሲመጣ እየሟሙ ፍሎራይዳቸውን ይለቃሉ። ስንቅ ናቸው፤ ስንቅ ደግሞ ያልቃል። ቫርኒሽ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ የሚደገመውም ለዚህ ነው።

ድሮ ፍሎራይድ ሲዋጥ ገና ያልወጣውን ጥርስ ከውስጥ ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር። አሁን ዋና ሥራው ጥርሱ ከወጣ በኋላ በገጹ ላይ እንደሆነ ይታወቃል። ወላጅ «የሚዋጥ እንክብል የለም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እዚህ ላይ ነው፦ ትንሽ መጠን፣ በየቀኑ፣ ጥርሱን እየነካ።

ልኩን አትንቁ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሎራይድ ወደ ሙያችን የገባው በጉዳቱ በኩል ነው። ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1901 በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ሲጀምር የብዙ ነዋሪዎችን ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው፤ ቡናማዎቹ ጥርሶች ደግሞ በቀላሉ የማይቦረቦሩ ነበሩ። ምክንያቱ በመጠጥ ውኃው ውስጥ ያለው ከፍተኛ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው ገና በ1931 ነው። ከዚያ ትሬንድሊ ዲን የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ጥርስ ሳይበልዝ መቦርቦርን የሚቀንሰው መጠን የቱ እንደሆነ ሲያጠና ቆየ፤ በ1945 ግራንድ ራፒድስ የተባለችው የአሜሪካ ከተማ ፍሎራይድን በልክ ወደ ከተማ ውኃ በመጨመር የመጀመሪያዋ ሆነች። የሚጠቅመውና የሚያበልዘው አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ልኩ ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ታካሚውን መመዘን

ለሁሉም ታካሚ አንድ ዓይነት ፍሎራይድ መስጠት የስንፍና ምልክት ነው። መጀመሪያ ጥርሱን ይመልከቱ። ፕላኩን በፋሻ ይጥረጉ፣ አካባቢውን በጥጥ ይለዩ፣ ከዚያ ለ5 ሰከንድ ያህል አየር ይንፉበት። እርጥብ ሳለ ደህና የሚመስል ኢናሜል ሲደርቅ ምስጢሩን ያወጣል፤ በድዱ ጠርዝ በኩል ኖራ የመሰለ ነጭ ጠባሳ ብቅ ይላል። ጠባሳው ደብዛዛ ከሆነና ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መመርመሪያ በስሱ ሲዳሰስ ከሻከረ መሟሟቱ ቀጥሏል ማለት ነው። የሚያብረቀርቅና ልስልስ ከሆነ ቆሟል። ስለታም መመርመሪያ አይጫኑበት፤ ገና ያልተቀደደውን ገጽ ራስዎ ይቀዱታል።

ቀጥሎ መጠየቅ ነው። «ጣፋጭ ያዘወትራሉ?» ቢሉ ሁሉም «ኧረ እኔ ብዙም አልወድም» ይላል። «ትናንት ከእንቅልፍ ከተነሡበት ጀምሮ እስኪተኙ ምን ምን ቀመሱ?» ብለው ይጠይቁ። ያኔ በየሰዓቱ የሚጠጣው ስኳር ያለበት ሻይ ይወጣል፤ ሕፃን ከሆነም ሌሊት በጡጦ የሚሰጠው ጣፋጭ ነገር። ዋናው ቁጥሩ ነው፤ አንዴ ተበልቶ ያለቀ ጣፋጭ ቀኑን ሙሉ ጠብ እያለ ከሚገባው ያነሰ ይጎዳል።

ባለፉት 2 ወይም 3 ዓመታት አዲስ የተቦረቦረ ጥርስ ያለው፣ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ያሰረ፣ ድዱ ሸሽቶ ሥሩ የተጋለጠበት አዛውንት፣ በመድኃኒት ምክንያት አፉ የሚደርቅበት፣ አንገቱ ወይም ራሱ ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ጥርሱን በራሱ መቦረሽ የማይችል፣ እነዚህ ሁሉ ከፍተኛ ተጋላጭ ናቸው። ስለሚወስዱት መድኃኒት ሳይጠይቁ አያሰናብቱ። ለድብርት፣ ለደም ግፊትና ለአለርጂ የሚታዘዙ ብዙ መድኃኒቶች ምራቅ ይቀንሳሉ።

የመጠጥ ውኃቸው ከየት እንደሚመጣም ይጠይቁ፤ በተለይ ከጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ያለበትን ውኃ የሚጠጣ ልጅ የሚዋጥ ተጨማሪ አያስፈልገውም። ወላጁ በጥርስ ሳሙናው ልክ ላይም ይጠንቀቅ።

ሁለተኛ፦ ዓይነቱን መምረጥ

ዕድሜው ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በባለሙያ እጅ የሚቀባው ቫርኒሽ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የወተት ጥርስ እንደወጣ መጀመር ይቻላል። 5 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለበት የተለመደው ቫርኒሽ 22,600 ፒፒኤም (በኪሎግራም 22,600 ሚሊግራም) ፍሎራይድ ይዟል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የሚቀባው ጠብታ ያህል ነው፣ ጥርስ ላይም ተጣብቆ ስለሚቆይ የሚዋጠው ቀስ እያለ ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ በ2013 ያሰባሰባቸው ጥናቶች ቫርኒሽ በቋሚ ጥርስ ላይ መቦርቦርን በአማካይ 43 በመቶ፣ በወተት ጥርስ ላይ 37 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ከ6 ዓመት በላይ ለሆነው ቫርኒሽ ወይም 1.23 በመቶ ፍሎራይድ ያለበት አሲዳማ ጄል መጠቀም ይቻላል። ጄሉ አሲዳማ በመሆኑ የፖርሴሊን ክዳንና የኮምፖዚት ሙሌት ገጽ ያሻክራል፤ እነዚህ ላሉት ሰው 2 በመቶ ገለልተኛ ሶዲየም ፍሎራይድ ይምረጡ። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ጄልን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሥራ ስጀምር የ5 ዓመት ልጅ አጋድሜ ሁለት ትሬይ (ጄል ተሞልቶ ጥርስ ላይ የሚገጠም መያዣ) ጢም አድርጌ ሞልቼ አጎረስኩት፤ ምራቅ መምጠጫውንም በቅጡ አልያዝኩም። ልጁ ያለቅሳል፣ ይውጣል፤ ትሬዩን ሳወጣ ልብሴ ላይ አስመለሰ። እናቱ ተረጋግታ ፎጣ አቀበለችኝ። እኔ ግን ማታ ቤቴ ተቀምጬ ምን ያህል እንደዋጠ ሳሰላ ነው የደነገጥኩት። ስሌቱን ከዚህ በታች አስቀምጬዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ልኩን ማስላት

ፒፒኤም ማለት በአንድ ኪሎግራም ውስጥ ያለ ሚሊግራም ነው። ስለዚህ 1,000 ፒፒኤም የሆነ የጥርስ ሳሙና በ1 ግራሙ 1 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው። 1 ሚሊሊትር ቫርኒሽ ደግሞ 22.6 ሚሊግራም፣ 1 ሚሊሊትር አሲዳማ ጄል 12.3 ሚሊግራም ይይዛል።

የአደጋው መስመር ተብሎ የሚወሰደው ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ክብደት 5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚህ በላይ የዋጠ ሰው ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ አለበት። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን መስመሩ 50 ሚሊግራም ላይ ነው ማለት ነው። አሁን ያወዳድሩ። የወተት ጥርስ ብቻ ላለው ልጅ የሚቀባው 0.25 ሚሊሊትር ቫርኒሽ 5.7 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢዋጥ እንኳ ከመስመሩ ዘጠነኛው እጅ ነው። ሁለት ትሬይ ላይ የሚገባ 5 ሚሊሊትር ጄል ግን 61.5 ሚሊግራም ይዟል፤ መስመሩን ያልፋል። የኔው ልጅ 18 ኪሎ ገደማ ስለነበረ መስመሩ 90 ላይ ነበር፣ ያስመለሰውም አለ፤ ቢሆንም እኔ ደግሞ ከ5 ሚሊሊትር አስበልጬ ሞልቼ ነበር።

ቫርኒሹን እንግዲህ በዚህ ልክ ይያዙ፦ የወተት ጥርስ ብቻ ላለው 0.25፣ የወተትና ቋሚ ለተቀላቀለበት 0.4፣ ቋሚ ጥርስ ብቻ ላለው 0.5 ሚሊሊትር። ለአንድ ሰው ተመጥነው የታሸጉት ከትልቁ ቱቦ ይሻላሉ፤ ከቱቦ ሲጨመቅ እጅ ይለግሳል።

አራተኛ፦ ቫርኒሹን መቀባት

ከመክፈትዎ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ብዙዎቹ ቫርኒሾች የሚሠሩት ከጥድ ሙጫ ነው። «አለርጂ አለብዎ?» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፔኒሲሊንን ነው፤ ስለዚህ «የቁስል ፕላስተር ሲለጠፍብዎ ቆዳዎ ይቆጣል?» ብለው ይጠይቁ፤ ያው ሙጫ በአንዳንድ ፕላስተርም ውስጥ አለና። አዎ ካለ ሙጫ የሌለበት ምርት ይፈልጉ። ድዱ ቆስሎ የሚደማ ወይም አፉ ውስጥ የተላጠ ቁስል ያለበት ሰው እስኪድን ይቆይ።

ሕፃን ከሆነ ወንበሩን ይርሱት። እርስዎና ወላጁ ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ ተቀመጡ። ልጁ ወላጁን እንዳየ እግሮቹን በወላጁ ወገብ ዙሪያ አድርጎ ወደ ኋላ ይጋደም፤ ራሱ እርስዎ ጭን ላይ ይረፍ። ወላጁ እጆቹን ይያዝ። ቢያለቅስ ጥሩ ነው፣ አፉ ይከፈታል።

ፕላክ በዓይን ከታየ ቦርሹት፤ በማሽን ማጽዳት ግን ለፍሎራይዱ ሲባል ግዴታ አይደለም። ከዚያ ቫርኒሹን በብሩሹ ያማስሉ። ይህችን ብዙዎች ይዘሏታል። ሶዲየም ፍሎራይዱ ከታች ይዘቅጣል፤ ካልተማሰለ ለመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ሙጫ፣ ለመጨረሻዎቹ ፍሎራይድ ቀቡ ማለት ነው።

አንድ ሩብ አፍ በፋሻ ጠረግ ያድርጉ፣ ወዲያው ይቅቡ፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። አጥንት እስኪመስል ማድረቅ አያስፈልግም፤ ቫርኒሹ ምራቅ ሲነካው ራሱ ይጠነክራል። ሽፋኑ ስስ ይሁን። ከኋላ መንጋጋ ይጀምሩና የፊት ጥርሶችን ለመጨረሻ ያቆዩ፤ ልጅ መጀመሪያ የሚዘጋብዎ የኋላውን ነው። ነጭ ጠባሳ ያዩበትን ቦታ፣ የድዱን ጠርዝ፣ የጥርሶቹን መሐል፣ የሽቦውን ዙሪያ፣ የተጋለጠ ሥርን አይርሱ።

ሲያልቅ ለወላጁ ወይም ለታካሚው እንዲህ ይበሉ፦ «ጥርሱ ለጊዜው ቢጫ ወይም ሻካራ ሊመስል ይችላል፣ ነገ ሲቦረሽ ይለቃል። ለ4 እስከ 6 ሰዓት ትኩስ መጠጥና ጠንካራ ምግብ ይቅር። ዛሬ ማታ አይቦረሽ፣ ነገ ጠዋት ይቦረሽ።» ቢጫነቱን አስቀድመው ካልነገሩ ማታ ስልክ ይደወልልዎታል።

ጄል መጠቀም ካለብዎ

ታካሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ራሱን ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል። በአንድ ትሬይ ከ2.5 ሚሊሊትር አይብለጥ። ምራቅ መምጠጫው ሙሉውን 4 ደቂቃ አፉ ውስጥ ይሁን፤ 1 ደቂቃ ይበቃል የሚሉ ማስታወቂያዎችን አይስሙ፣ ጥናቶቹ የተሠሩት በ4 ደቂቃው ነው። ሲወጣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ደጋግሞ ይትፋ፤ ለ30 ደቂቃ አይብላ፣ አይጠጣ፣ አይጉመጥመጥ።

ቀድሞ ለተቦረቦረው፦ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ

ቫርኒሽ የተከፈተ ጉድጓድ አይዘጋም። ጉድጓዱ ግን ባለበት እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። 38 በመቶው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ 44,800 ፒፒኤም ፍሎራይድ ከባክቴሪያ ገዳይ ብር ጋር የያዘ ፈሳሽ ነው። በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። መርፌ ለሚፈራ ሕፃን፣ መቀመጥ ለማይችል አዛውንት፣ ብዙ ጥርሱ በአንድ ጊዜ ለተበላሸበት ልጅ በጣም ይረዳል።

ዋጋው ጥቁረት ነው። የተቦረቦረው ቦታ ይጠቁራል፣ አይመለስም። ይህን በቃል ብቻ አይንገሩ፤ የጠቆረ ጥርስ ፎቶ አሳይተው፣ ወላጁ ዓይቶ፣ ፈርሞ ይስማማ። ብር የሚያስቆጣውን ሰው፣ አፉ የቆሰለውን፣ ጥርሱ ሌሊት የሚጠዘጥዘውን ወይም መግል የያዘውን አይንኩ፤ እነዚህ ሌላ ሕክምና ይሻሉ።

አቀባቡ ቀላል ነው። ከንፈርና ድድ በቫዝሊን ይቀባል፣ ጥርሱ በጥጥ ተለይቶ ይደርቃል፣ አንዲት ጠብታ በማይክሮብራሽ (በደቃቅ ብሩሽ) ተነክራ ጉድጓዱ ላይ ለ1 ደቂቃ ትታሻለች፣ ትርፉ በጥጥ ይጠረጋል። አንዲት ጠብታ እስከ 5 ጥርስ ትበቃለች። ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው አይታይም፤ በማግስቱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል። ልብስና ጠረጴዛ ላይ ከነካ ግን አይለቅም። ከሳምንታት በኋላ ይመልከቱት፤ ጠቁሮና ጠንክሮ ከተገኘ ቆሟል። ለስላሳ ከሆነ ይድገሙት። በየ6 ወሩ መድገሙ ከአንድ ጊዜው ይሻላል።

አምስተኛ፦ ቤት የሚሆነው

ክሊኒክ ውስጥ በዓመት 2 ወይም 4 ጊዜ እንገናኛለን። የጥርስ ሳሙናው ከ700 ጊዜ በላይ ይገናኛል። ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው።

ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቅብ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም ያለበት ሳሙና በቀን ሁለቴ። የማስታወቂያ ሥዕል ላይ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነው ሳሙና ለትንሽ ልጅ አይሆንም። ወላጁ ራሱ ይጭመቀው፣ ራሱ ይቦርሽ። ልጁ ጫማውን በደንብ እስኪያስር ድረስ ጥርሱንም በደንብ አይቦርሽም። ሳሙናውም ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ 100 ግራም የሆነ የ1,000 ፒፒኤም ቱቦ ግማሹ ለ10 ኪሎ ሕፃን የአደጋው መስመር ላይ ይደርሳል።

ቦርሾ መትፋት እንጂ በውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም። ይህን ስናገር አዋቂዎች ፊታቸውን ያኮሳትራሉ፤ በጥቂት ቀን ይለመዳል። በውኃ ሲጉመጠመጥ የከፈሉበት ፍሎራይድ ወደ ማጠቢያው ይወርዳል። ከሁለቱ የማታው ይበልጣል፤ ተኝተን ሳለ ምራቅ ይቀንሳል፣ ጥርሱ የሚተማመነው በቀረለት ነገር ብቻ ነው።

ለከፍተኛ ተጋላጭ፣ ከ6 ዓመት በላይ ለሆነና መትፋት ለሚችል፣ 0.05 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለበት መጉመጥመጫ በየቀኑ ይታዘዛል። ከቦረሹ በኋላ ወዲያው ሳይሆን በሌላ ሰዓት ይሁን፤ መጉመጥመጫው 225 ፒፒኤም ገደማ ነው፣ 1,450 የሆነውን ሳሙና አጥቦ ያወጣል። የሥር መቦርቦር ለያዛቸው አዛውንቶችና አፋቸው ለሚደርቅ አዋቂዎች የ5,000 ፒፒኤም ሳሙና በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ራሱና አንገቱ ላይ ጨረር ለወሰደ ሰው ደግሞ በአፉ ልክ ትሬይ ይሠራለትና በየምሽቱ 1.1 በመቶ ገለልተኛ ሶዲየም ፍሎራይድ ጄል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይይዛል፤ የምራቅ ዕጢው ካልተመለሰ ይህ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

«ጥርሱን ያበልዘዋል ሲሉ ሰምቻለሁ» የሚል ወላጅ አይናቁት፤ እውነት ነውና። ኢናሜል እየተሠራ ባለበት ጊዜ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ በየቀኑ ከልክ በላይ የተዋጠ ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ነጭ መስመር፣ ሲብስ ቡናማ ጠባሳ ይጥላል። ለፊት ጥርሶች አስጊው የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚቀባ ቫርኒሽ ይህን አያመጣም፤ የሚያመጣው በየቀኑ የሚዋጥ ሳሙናና ውኃ ነው።

ልጅ ከዋጠ

መጀመሪያ ስንት እንደዋጠና ስንት ኪሎ እንደሆነ ይወቁ፣ ያስሉ። ከ5 ሚሊግራም በኪሎ በታች ከሆነ ወተት ይጠጣ፤ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይይዘዋል፣ ለጥቂት ሰዓት ሆዱን ይከታተሉ። ከመስመሩ ካለፈ ወይም ስንት እንደሆነ ካልታወቀ ወተቱን እየሰጡ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ፍሎራይድ በደም ያለውን ካልሲየም ስለሚያወርድ ልብ ላይ ይደርሳል። በግድ አያስመልሱት።

ስድስተኛ፦ መዝገብና ቀጠሮ

«ፍሎራይድ ተሰጠ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ነው። የምርቱ ዓይነት፣ መቶኛው፣ ስንት ሚሊሊትር፣ የትኞቹ ጥርሶች፣ የተሰጠው ምክር፣ የወላጁ ፈቃድ ይጻፍ። ነጭ ጠባሳ ካለ የትኛው ጥርስ ላይ፣ ደብዛዛ ወይም አብረቅራቂ መሆኑ፤ ቢቻል ፎቶ።

ከፍተኛ ተጋላጭ በ3 ወር፣ ሌላው በ6 ወር ይቀጠር። የመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ ገጽ ላይ ያሉ ጠባብ ስንጥቆች ፍሎራይድ በቅጡ የማይጠብቃቸው ቦታ ስለሆኑ ቋሚው መንጋጋ እንደወጣ፣ በ6 ዓመት አካባቢ፣ ሲላንት (ስንጥቆቹን የሚሸፍን ማሸጊያ) ለማድረግ ያስቡ። ሲመለስ ያንኑ ጠባሳ ዳግም አድርቀው ይዩት፣ ከፎቶው ጋር ያስተያዩት። ሸካራነቱ ከጠፋ ልኩ ሠርቷል፣ ባለበት ይቀጥል። ከሰፋ ወይም ከተቀደደ ቫርኒሽ ከመጨመርዎ በፊት «ትናንት ከእንቅልፍ ከተነሡበት ጀምሮ…» የሚለውን ጥያቄ እንደገና ይጠይቁ።